በመሀላችን የሚያልፈው ቱቦ

ለአብሮ አደጌ፣

በአንተ ወገን አሰላሙ አለይኩም፣ በእኔ ወገን ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር። እንዴት ከረምክ? ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? እህትህ ረይሀና ደረጃ መውጣት ይቸግረዋል ብላኛለች። ሱቁስ? ልጆቹስ? ለባለቤትህ ለቅሶ ወራቤ ስመጣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ዋልኩና “አላህ ያጽናህ” ብቻ ብዬህ ተመለስኩ፤ ደህና አድርጌ እንኳ አላየሁህም። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ልጄ ምኞት አምስት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ገብታ ደመወዝተኛ ሆናለች። አሁን መካሪዋ እሷ፣ ተመካሪዋ እኔ ነኝ።

ይህቺ ሴትዮ ስልክ እያለ ምን ወረቀት ያስፈጃታል ትል ይሆናል። እህትህ ስትደውልልህ “እሺ፣ እሺ፣ ኢንሻአላህ” እያልክ ትዘጋባታለህ አሉ። ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ልጇ ዐፊፋም እናንተ ጋ ልትመጣ ስለሆነ በእጇ ልኬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ ከስድስት ኪሎ የሚመጣ ትልቅ የፍሳሽ ቱቦ በሰፈራችን በአፍንጮ በር አልፎ ወደ ወንዙ ሊወርድ ነው። የሚያልፈውም በእናንተና በእኛ ግቢ መሀል፣ ልክ በኩሽናው ሥር ነው። መቼም ታስታውሳለህ፣ አጥሩን እናቶቻችን የነቀሉት ለታላቅ እህቴ ሠርግ ዳሱ አልበቃ ብሏቸው ነው። ሠርጉ አለፈ፣ አጥሩ ሳይመለስ ቀረ፣ በቦታው ኩሽናውን ሠሩበት። ዛሬም ሥጋው በየቤታችን ይሠራል እንጂ ሌላው ሁሉ የሚበስለው እዚያ ነው። ረይሀናም ሳምቡሳ እየጠበሰች ስድስት ኪሎ ላሉት ሻይ ቤቶች የምታስረክበው ከዚያ ነው፤ እንጀራዋ ነው።

ቀያሾች መጡ። ደበሳይ የሚባለው ጨዋ ሰው ነው፤ መሬቱ የመንግሥት ቢሆንም በላዩ ላለው ንብረት፣ ለኩሽናውም ለኮኩ ዛፍም፣ ለባለይዞታው ካሳ እንደሚከፈል ደህና አድርጎ አስረዳን። ከዚያ ኩሽናው የማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ምን እላለሁ፣ የእሷ ነው አልኩ። ረይሀና “ወላሂ የሷ ነው፣ እኛ እንገለገልበታለን እንጂ” አለች። “ኧረ ተይ፣ ጭቃውን ያስመረጉት እናትሽ አይደሉም?” አልኳት። “ቆርቆሮውንስ የገዙት ያንቺ እናት አይደሉም?” አለችኝ። ሻይ ቤት ገብተው ሂሳቡን እኔ ልክፈል፣ በሞቴ እኔ ልክፈል እየተባባሉ እንደሚጓተቱ ሰዎች ሆንን። ደበሳይ እስክሪብቶውን ይዞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና ሄደ።

በኋላ ወረዳው ምን ብሎ ቢለጥፍ ጥሩ ነው? የእናንተ ግቢ እስከ ቤታችሁ ግድግዳ፣ የእኛም እስከ ቤታችን ግድግዳ፣ መሀሉ “ባለይዞታ የሌለው ክፍት ቦታ”። ኩሽናው ይፈርሳል፣ ካሳም የለም፣ ምትክም የለም። ረይሀና ማስታወቂያው ፊት ቆማ “ትንሽ ስግብግብ ብንሆን ምን ነበረበት” አለችኝና ተሳሳቅን። ስንመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ሳምቡሳዋን ከእንግዲህ የት እንደምትጠብስ ስታሰላ መጣች።

በማግሥቱ ወረዳ ሄድን። ደበሳይ “እናቶቼ፣ አንዳችሁ የኔ ነው በሉኝና ልጻፈው” አለ። ተያየን። ረይሀና ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔም ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሰው እንዴት አድርጎ ጎረቤቱ ፊት የኔ ነው ይላል? “እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሰውን የኔ ነው ይላል፣ እናንተን የመሰለ አቤት ባይ አይቼ አላውቅም” ብሎ ሳቀብን። ያም ሆኖ መላ አልነፈገንም። የድሮው አጥር ያለፈበት ከታወቀ ቦታውም ኩሽናውም ለሁለቱ ቤት ይጻፋል፣ ካሳውም ለሁለት ይሆናል። ግን የሁለቱም ቤት ወራሾች በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው፤ ቅሬታ የሚቀበሉትም እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። እህቴ ድርሻዋን ለእኔ ከለቀቀች ቆይታለች፣ በእኛ በኩል እኔ እበቃለሁ። የእናንተ ግን በአባታችሁ ስም ነው፣ ወራሾቹም ረይሀናና አንተ ናችሁ። አንተ ካልመጣህ እህትህ ባዶ እጇን ትቀራለች።

የአጥሩን መስመር ረይሀና አታውቀውም፤ ያኔ ገና በአንቀልባ ነበረች። ስለዚህ ወጥቼ አሳየኋት። ከኮኩ ዛፍ ይነሳል፣ በምድጃው ሥር ያልፋል፣ ውሃ ቆጣሪው ጋ ያልቃል። ከኮኩ ሦስተኛዋ እንጨት ላላ ያለች ነበረች፣ ገፋ ሲያደርጓት እጅ ታሳልፋለች አልኳት። ዘወር ብላ አየችኝና “አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አንዲት እንጨት እንዴት አልረሳሽም?” አለች። ሽንኩርቱ እያረረብኝ ነው ብያት ገባሁ። እሳት ላይ የተጣደ ሽንኩርት አልነበረም።

የአንድ ሰው ቃል ደግሞ አይበቃም፣ መስመሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይመስክር ብለውናል። ማን እንደሚያውቀው ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ካሳው ሲወጣ ኩሽናውን ከጓሮ እንሠራዋለን። ቱቦው በተቀበረበት ላይ ግን ቤትም ሆነ አጥር ማቆም ከእንግዲህ ክልክል ነው። ደበሳይ እንዳይከፋን ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ ይህን የነገረን ቀስ ብሎ ነው። ረይሀና “ድሮስ መቼ አቆምን” አለችው። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሕግ ይወጣልኛል ብዬ መቼ አስቤ።

እንግዲህ ና። ፒያሳ ስትደርስ ደውል፤ መንገዱ ሁሉ ተለዋውጧል፣ የምታውቀው ፒያሳ መስሎህ እንዳትጠፋ። ረይሀና አንተ በምትደርስበት ሰዓት ሳምቡሳዋን ትታ አትወጣም፣ ዐፊፋም ወራቤ ናት። እኔ እቀበልሃለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ቤትህን በረካ ያድርግልህ። በእኔ በኩል ደግሞ እመቤቴ ከፊት ከኋላህ ትሁን።

አብሮ አደግህ፣
ከአፍንጮ በር