የመላኩ በግ

ጥር 14፣ ሰኞ ማታ

ውኃ ዛሬም የለም። መብራት ብልጭ ብሎ ሄደ። ሁለት ጀሪካን ከታች ሰፈር ተሸክሜ ወጣሁ፣ ወገቤ አለቀ። የሆቴሉ ባለቤት ደወለ፤ እስከ ፋሲካ ሥራ የለም፣ አትጠብቂ። የገና ምእመን በእግሩ መጥቶ ሜዳ ላይ አድሮ ይሄዳል፤ አንሶላ የሚያስለውጠው ፈረንጅ ግን ከቀረ ቆየ። ሬዲዮው መንገዱ ክፍት ነው ይላል። መጥቶ ይንዳበታ!

ይሄን ላንተ ነው የምለው ደብተሬ። ውጭ ባወራው አንዱ የነዚህ ናት ይለኛል፣ ሌላው የነዚያ። የማንም አይደለሁም። አልጋ አንጣፊ ነኝ፣ ያውም የሚነጠፍ አልጋ ያጣች።

ከአጥሩ ወዲያ ዘነቡ በጓን እያበላች ታንጎራጉራለች። የሰፈራችን ዘፈን አውራጅ ናት፤ ያለ እሷ ሠርግ አይደምቅም። በጉ የመላኩ ነው፣ የአንድ ልጇ። ሲመለስ ይታረድለታል፤ ይሄን ማለት ከጀመረች ዓመት አለፈ።

መላኩ መጀመሪያ መንግሥት ጠርቶት ዘመተ። ጀግና ተባለ፣ ቀበሌው በሰልፍ ሸኘው፣ እኛም እልል አልን። ቆይቶ ጫካ ገባ። ሽፍታ ተባለ፣ ያው ቀበሌ እናቱን ጠርቶ ልጅሽን አምጪ አላት። ልጁ ያው መላኩ ነው እኮ! ንፍጡን የጠረግሁለት።

ጥር 16፣ ረቡዕ፣ ኪዳነ ምሕረት



ሰይድ መጣ፤ ከወልዲያ ዘይትና ዱቄት የሚያመላልሰው የአይሱዙ ሹፌር። ሁልጊዜ መኪናውን እኔ በር ላይ ነው የሚያቆመው። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። መላኩ ሞቷል። ከገና በዓል በፊት፣ ከመንገድ ዳር አንዲት መንደር። የመንደሩ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ ቀበረው፤ ሰይድም አፈር አልብሷል። ከማን ወገን በተተኮሰ እንደሞተ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ምን ሊረባኝ እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅ።

የአንገቱን መስቀል ከነማተቡ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዘነቡ ቅ/ጊዮርጊስ ደጃፍ ያሰረችለት። ማተቡ ጠቁሯል።

ወይኔ ልጄ። ወይኔ መላኩ።

አሁንም ከአጥሩ ወዲያ እየዘፈነች ነው። ብድግ ብዬ ልሄድ ነበር። ግን መርዶ አንድ ሰው እንደ ዕቃ ይዞት አይሄድም። የቅሬው፣ የዕድራችን ዳኛ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ነው የሚነገር፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። ነገ አያ ደምሌ ጋ።

ጥር 17፣ ሐሙስ

አያ ደምሌ የቅሬያችን ዳኛ ነው። ነገርኩት። አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ አልዋሽበትም። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ሴት ልጁን ማስተዋልን እሑድ 27 ይድራል። ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ሠርጉ ይለፍ፣ በማግሥቱ እናረዳለን አለኝ።

ወጉም ይሄው ነው። መርዶ ለሠርግ ይቆያል። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ግን ማታ ሰፈሩ ሁሉ አውቋል።

ጥር 21፣ ሰኞ፣ አስተርእዮ ማርያም

ሰዉ ደግነት አበዛባት። አንዷ ጀሪካኗን ትቀበላታለች፣ ሌላዋ ሽሮ ትልክላታለች። ሁለት ዓመት ያኮረፈቻት እንኳ ዛሬ አቅፋ ሳመቻት። ዘነቡ ገረማት። ምን ታያችሁ፣ ልሞት ነው እንዴ ብላ ሳቀች። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን፤ ስለ ሰላም። የማያጨበጭብ ሰላም የማይፈልግ ነው ተባለ፤ አጨበጨብን። ባለፈው እነዚያ በጨለማ መጥተው ስለ ነፃነት የሰበሰቡን ጊዜም አጨብጭበናል። እጃችን ለሁሉም ያገለግላል። ሁለቱም ስለ እኛ ይናገራሉ፣ ሁለቱም ልጅ ይወስዳሉ። ት/ቤቱ የተዘጋበትን፣ መድኃኒት ያጣንበትን ምክንያት አንዱ በሌላው ያላክካል። አቃጠሉኝ!

ዘነቡ ከጎኔ ተቀምጣ አጨበጨበች። ሰላም ከወረደ መላኩ ይመጣላ። እሷ ብቻ ናት ከልቧ ያጨበጨበች።

መስቀሉ ከመቀነቴ ውስጥ ነው። አስሬው ነው የማድር።

ጥር 25፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንዴት ልጻፈው።

መንገዱ ደግሞ ተዘጋ። አያ ደምሌ ለሠርጉ የገዛው ሰንጋ ከወዲያ ማዶ ቀረ። ገበያም አልቆመም። ዘነቡ ሰማች። ያንን የመላኩን ሙክት በገመድ እየጎተተች ደጁ ድረስ ወሰደችለት። ማስተዋልና መላኩ አብረው አይደል ያደጉት፣ እሱም ቢኖር ይሄንኑ ያደርግ ነበር፣ ለሱ ለፋሲካ ሌላ አደልባለሁ አለች።

አያ ደምሌ አይሆንም አለ። ለመነችው። አይሆንም። ተቆጣች፤ ደኸየች ብለህ ንቀኸኝ ነው አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ምን ይበል? ምክንያቱን ይናገር? ፊቱን አዙሮ ገመዱን ተቀበላት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ቆዳው እንዳይጣልባት። ለመላኩ አልጋ አጎዛ ልታደርገው ነው።

ጥር 27፣ እሑድ፣ መድኃኔዓለም

ሠርግ።

ዘነቡ ያችን አረንጓዴ ቀሚሷን ለበሰች። ከበሮውን ተቀብላ አወረደች። ድምፅዋ፣ አቤት ድምፅዋ! ተቀባዮቹ እኛ ነን። አፋችንን ስንከፍት ድምፅ የለም። አንዷ መሐል ላይ ሳል አስመስላ ወጣች። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ ሙሽራ ነች ታልቅስ ተባለ። እሷም ታውቃለች።

ዘነቡ ከበሮውን አቆመችና ጮኸችብን፦ «ምን ነክቷችሁ ነው? የለቅሶ ቤት አደረጋችሁት እኮ!»

ሳቅን። በቅዱስ ላሊበላ፣ ሳቅን።

ወጡ ቀረበ። የበጉ። በእጇ አጎረሰችኝ። አፌ ውስጥ ዞረ፣ አልወርድ አለኝ። እየተያየን በላን። የልጁን ተዝካር እናቱን መሐል አስቀምጠን፣ በእልልታ በላነው። መርዶው ሳይነገር!

እግዚአብሔር ይቅር አይበለን ብዬ ልጽፍ ነበር። ይቅር ይበለን።

ጥር 28፣ ሰኞ

በማግሥቱ አላለም ነበር? ሄድኩ። አያ ደምሌ ዓይኔን አላየኝም። ትንሽ ይቆይ። ለምን? ድንኳን ከተተከለ ለማን ነው ይባላል። ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ ጀግና ይሉታል፣ ጀግና ከተባለ ከቀበሌ ጠያቂ ይመጣል። ጀግና ካልተባለም እነዚያ ከጫካ ይሰማሉ። ነገሩ ይብረድ።

ይብረድ ነው የሚለኝ! ልጁ ከበረደ ስንት ጊዜው።

ተሳደብኩ። የማልለውን አልኩ። አንተ ልጅህን ዳርክ አልኩት።  ስወጣ በሩን እንኳ አልዘጋም፣ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። አሳዘነኝም። አርጅቷል።

ዘነቡ ቆዳውን ጓሮዋ በችካል ወጥራዋለች። ጨው ስትነሰንስ ጠራችኝ። ሐሙስ ማለዳ ይዤው እመጣለሁ፣ አንዱን ጫፍ ትይዢልኛለሽ፣ አብረን እናለፋዋለን አለች። እሺ አልኳት። እሺ ከማለት በቀር ሥራ የለኝም በዚህ ሰሞን።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

ቅሬው ተሰበሰበ። ሦስት ልጆቻችን ከወታደሩ ጋር ናቸው፣ የቀሩት ከወዲያ። ድንኳኑ አይወጣም ያለ አለ። ይውጣ ያለም አለ። ተጯጯሁ። አንዱ ሌላውን ወሬ አቀባይ አለው። አብረው ስንት ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች! ቅሬ እኮ ሟች ማንን እንደመረጠ አይጠይቅም ነበር። እናቶቻችን ያቆዩልን እሱን ብቻ ነው፤ ዛሬ እሱም ሲሰነጠቅ በዓይኔ አየሁ። እኔን የሚቀብረኝ ማን ሊሆን ነው?

ሳይወስኑ ተበተኑ። ሁሉም አንገቱን ቀብሮ ወደ ቤቱ።

ጥር 30፣ ረቡዕ

ወሰንኩ።

የዘነቡ የንስሐ አባት ጋ ወጣሁ፣ በአሸተን መንገድ። አባ አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። እስካሁን የነገራቸው የለም! ሰው ከእሳቸውም ደብቋል። ነገርኳቸው። ጸሎት አደረጉ፣ ከዚያ በትራቸውን ፈለጉ። አሁኑኑ ልሂድ አሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ይሁን ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ሰይድም መንገዱ ተዘግቶበት እዚሁ ከተማ ነው። እመጣለሁ አለ። አፈሩን ያለበሰው እሱ ነው፤ የት እንደተኛ ብትጠይቅ የሚመልስላት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ አንድ እስላም ሹፌር፣ አንዲት አልጋ አንጣፊ። ድንኳን የለንም። ምንጣፍ ከሆቴሉ አመጣለሁ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሙሾውን ማን ያወርዳል? በዚህ ሰፈር የምታወርደው እሷ ብቻ ናት።

ወደ ቤቴ ስገባ አያ ደምሌ መንገድ ላይ አገኘኝ። ነገ ጠዋት አልኩት። ጋቢውን ሰብስቦ አለፈ። እግዜር ያውቃል፣ ይምጣ ይቅር።

የካቲት 1፣ ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል

ታጥቤያለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ፣ ጥለቱ ወደ ላይ። መስቀሉ እጄ ላይ ነው። አባንና ሰይድን እየጠበቅሁ ነው። ይህን የምጽፈው እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።

ምን ብዬ ልጀምር? ዘነቡ ልበላት? እህቴ ልበላት? ነጠላዬን ስታይ ይገባታል። አባ ይጀምሩ። እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ፣ ስትወድቅ እይዛታለሁ። ብርቱ ነኝ፣ እችላለሁ።

ዶሮ ጮኸ። ኮቴ ይሰማኛል። አባ አይደሉም፣ የበትር ድምፅ የለውም።

በሩ ተንኳኳ። በላይነሽ፣ አልተነሳሽም እንዴ ትላለች ዘነቡ። ሐሙስ። ረስቼው! ቆዳውን ይዛ መጥታለች፣ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ነጠላውን ልገልብጠው? አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባ እስኪመጡ

አይ። አልገለብጥም። መጣሁ እያልኳት ነው። ልከፍትላት