አረንጓዴው የዝናብ ልብስ

ጅማ፣ ጊንጆ
ጥቅምት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሊያ፣
ኪዮቶ

እኔና እናትሽ ለጤናችን ደህና ነን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ከሁለታችን አንዳችን የታመምን እንዳይመስልሽ ነው። እሑድ ደውለሽ «ዝንጀሮዎቼ እንዴት ናቸው?» ስትዪኝ «አሉ» አልኩሽ። እናትሽ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ስለ ብርዱ መጠየቅ የጀመረችው ድምፄ ሲለወጥ ሰምታ ነው።

ሊያ፣ የደዶው መንጋሽ የለም። ከሠላሳ አንዱ አሥራ አራቱ መስከረም 21 ቀን ጠዋት በጥይት ተገደሉ። ትምህርትሽ በሙሉ እነሱ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ስንጀምር ገና ከሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሲያዩን ገደሉን ይዘው ይጠፉ ነበር። ባዘዝሽኝ መሠረት ሁልጊዜ ያንኑ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ለብሼ፣ ድንጋይ ሳልወረውር፣ ምግብ ሳልሰጥ፣ ያየሁትን በየቀኑ በላክሽልኝ ቅጽ ላይ እየሞላሁ፣ ዝም ብዬ ተከተልኳቸው። የደዶ ሰው፣ ዝንጀሮን በቋንቋው ጀልዴሳ ነው የሚለው፣ «ሌላው ጡረተኛ ከብቱን ይቆጥራል፤ ጋሼ ሀብቴ ጀልዴሳ ይቆጥራሉ» እያለ ሳቀብኝ። መንገድ እንዲመራኝ የቀጠርሽው ሙሐመድሳኒ ራሱ «ጋሼ፣ ትንሽ ከቆዩ ሽማግሌ አድርገው ይመርጡዎታል» ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሁለት እርምጃ ድረስ ተጠጋሁ። አንቺ ቁጥር ሰባት የምትያት፣ ሙሐመድሳኒ እሜቴ የሚላት፣ ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው አሮጊት ልጇን ስታጠባ ጀርባዋን ትሰጠኝ ጀመር። ይህን ስጽፍልሽ በደስታ እንዳለቀስሽ መልሰሽ ጽፈሽልኛል።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ግን አልጻፍኩልሽም። የሙሐመድሳኒ ልጅ ዙቤይዳ በቆሎ ስትጠብቅ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ማሳው ውስጥ ገባ። ጮኸች፣ ቆርቆሮ መታች። ድሮ ቢሆን ይሸሽ ነበር። ዞሮ እጇን ነከሳት። ጅማ ሆስፒታል አመጣናት፤ ሦስት ጣቶቿ ተቆረጡ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እጁም የምትጽፍበት ቀኙ ነው።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አባቷ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ጋሼ፣ ወላሂ እርስዎን አልቀየምም» አለኝ። «ግን እናንተ ጀልዴሳውን ሰው አትፍራ ብላችሁ ሦስት ዓመት አስተማራችሁት። ልጄ መጮህን እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች?»

«ለሊያ እጽፍላታለሁ» አልኩት።

«ሊያ መጥታ በቆሎ ትጠብቃለች?»



መስከረም 20 ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሐመድሳኒ ደዶ ውስጥ ወደምከራያት ክፍል መጣ። አልተቀመጠም። የዝናብ ልብሱን ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አየው። «ለነገ ያውሱኝ» አለ። አውርጄ ሰጠሁት። ለዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት በሰጠሁት ቃል ላይ፣ ዝናብ ስለነበረ እንዳይበሰብስ ብዬ እንዳዋስኩት ተጽፏል።

በማግስቱ ጠዋት ያንን ለብሶ፣ የአማቹን ጠመንጃ ከሥሩ ይዞ፣ ከሚያድሩበት ዛፍ ሥር ደረሰ። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። «ስተኩስ ከእኔ አልሸሹም ጋሼ። ጫካውን ነው ያዩት። እሜቴ ልጇን አዝላ ወደ እኔ መጣችና ከኋላዬ ተቀመጠች።»

እኛ ካለን ነብር ስለማይደፍር ወደ እኛ ሲጠጉ ይረጋጋሉ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ዞርኩ» አለ። 

ቁጥር ሰባትን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ልጇን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ሙሐመድሳኒ አሥር ቀን ታስሮ በእኔ ዋስትና ተፈታ። ልብሱን አጥቦ፣ አጥፎ መለሰልኝ። ለብሼው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የቀሩት አሥራ ሰባቱ ገና ከወንዙ ማዶ ሲያዩኝ ይጮኻሉ፤ ትልልቆቹ ልጆቹን እየጎተቱ ይጠፋሉ። እርምጃውን ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አይሰጡኝም።

እናትሽ «ፈተናዋ እስኪያልፍ ደህና ናቸው በላት፤ ምን ትጎዳለህ?» ትለኛለች። አንድ ቀን የአምናውን ቅጽ አስቀምጬ፣ ከመስከረም 21 ወዲህ ያለውን ከዚያ እያየሁ ልሞላልሽ ጀምሬ ነበር። አንድ ገጽ ሞልቼ ቀደድኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመስከረምን ቅጾች ልኬልሻለሁ። «የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዝ እንጂ አታጥፋ» ያልሽኝን ጠብቄያለሁ። የ20ንና የ21ን ገጾች ከላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ስለ ሰማዩ የሚሞላውን ረድፍ እዪው። በሁለቱም ቀን የጻፍኩት ያየሁትን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አልሰረዝኩትም።

ብትቆጪ ሙሐመድሳኒን ተይው። ዙቤይዳ በግራ እጇ መጻፍ ጀምራለች፤ ፊደሉ መስመሩን አልፎ ይሄድባታል።

በሰው አገር ጌታ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ይህ ከደረሰሽ በኋላ ባለው እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ባትደውዪም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

አባትሽ
ሀብተጊዮርጊስ ወልደሰማያት