የያዝድ ሽማግሌዎችና ሊደርቅ የነበረው ስኳር

ቱራንዬ፣

ሆዴን እስኪያመኝ ስቄ ነው የምጽፍልሽ! ዛሬ እዚህ ያዝድ፣ ፓሽማክ የሚባለውን እንደ ክር የሳሳ የስኳር ጣፋጭ የሚሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ገብቼ ነበር። ለማታው ሠርግ የቀረቻቸው አንዲት ጥቅልል ስኳር ናት፤ ትኩስ እንደሆነች ካልተጎተተች ክር መሆኗ ቀርቶ ድንጋይ ትሆናለች። ጋሽ ኮዳራህም ግን ትሪው አጠገብ ቆመው፣ "ይጀምሩ እንጂ፣ በዕድሜ ይበልጡኛል" ይላሉ። ጋሽ ሳፋር ደግሞ፣ "በሙያ የሚበልጡኝ እርስዎ እያሉ እኔ እጄን ላስቀድም?"

"በሞቴ!"

"ኧረ በአላህ፣ አይሆንም!"

እኛ የሺራዝ ሰዎች በስንፍና እንታማለን እንጂ ስኳር በትሕትና አንገድልም! ጠርዟ መጠንከር ስትጀምር ዘልዬ ጨበጥኳት።

"ኧረ ልጄ፣ ላም እያለብሽ ነው እንዴ!" ብለው ሁለቱም እኩል ተረባረቡ። ትሪው ላይ በተነሰነሰው ዱቄት ሲጎትቱ፣ ሲያጥፉ፣ መልሰው ሲጎትቱ፣ ያ ወፍራም ገመድ ዓይኔ እያየ እንደ ሕፃን ጸጉር ሳሳ። ሠርጉ ተረፈ!

የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእኔ ዘረጉልኝ። እኔም እንደ ወጉ፣ "ኧረ እናንተ ቅደሙ" አልኳቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቃል አመኑና ተካፍለው ጎረሷት! የቀረውን ሠርገኛ ወሰደው።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን በሁለት ጉንጫቸው ሳሚልኝ። ከገበያ አንድ ሣጥን ፓሽማክ ገዝቼልሻለሁ፤ አደራ፣ ስሰጥሽ "ኧረ አይሆንም" እንዳትዪኝ፣ እኔም እንደ ሽማግሌዎቹ አምንሻለሁ።

ፋራናክሽ