“ያገሬ ሰው ናቸው” ላልሁህ ለአባቴ

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ብዕር አንሥቼ አልጻፍሁልህም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ብዬ አይደለም። ስምህን ከወረቀቱ አናት ላይ ካሰፈርሁ በኋላ ከሥሩ የምጽፈው ነገር እያሳፈረኝ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። አክስቴ ብርቄ ገበያ ወጥታለች፤ እኔ ጎንደር፣ ቁስቋም ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰኞ ጧት ነርስነት ለመማር እገባለሁ። አንተን ሳላነጋግር መግባት አልቻልሁም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናቴ ደኅና ናት፤ ዓይኗ ደከም ቢልም ጉልበቷ አለ። እርሻውን ወንድሜ ደሳለኝ ይዞታል። ወንዝ ዳር ባለችው ማሳህ ዘንድሮ ገብስ ዘርቶባት በረዶ ሳይነካት ደረሰችለት። ቀዩ በሬህ አርጅቶ ከቀንበር ወጥቷል፤ ደሳለኝ ግን “አባቴ በእጁ ያሳደገውን አላርድም” ብሎ እንዲሁ ይቀልበዋል። ሚስትም አግብቷል፤ ከደባርቅ በኩል የመጣች ሸጋ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ወልደው የእናትህን ስም አወጡላት። ከዳባት ወደ ጎንደር የሚወርደው ማኪናም እንደ ድሮው ቀን ሙሉ መንገድ ዳር አያስቀምጥም።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨረስሁ። አክስቴ አስተማሪ እሆናለሁ ብላ ጠብቃ ነበር። ፍርድ ቤት የሚሠራ አንድ ጸሐፊም ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሰውየው ምንም ነውር የለበትም። እኔ ግን ነርስነት እማራለሁ አልኋት። “ምነው የሺ! ይህን ሁሉ ዓመት ቀለም የቆጠርሽው የሰው ቁስል ልታጥቢ ነው? የማታውቂውን ወንድ ገላ ልትነኪ?” አለችኝና ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ከእሷ በኋላ ያገኘኝ ሁሉ ምክንያቴን ይጠይቀኛል። ለአንዱ አገሬን ለማገልገል እላለሁ፣ ለሌላው ቀለብና ልብስ ስለሚሰጥ እላለሁ። እውነቱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ወደ ከተማ ያመጣኸኝን ቀን አልረሳሁም። ጎረቤቱ ሁሉ “ተሰማ ሴት ልጁን ከተማ ሊሰድ ነው” እያለ ሲያማህ፣ አንተ በበቅሎ አፈናጠጥኸኝና ተነሣን። ወገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ዝናብ ያዘን። ለምድህን አውልቀህ እኔን ጠቀለልኸኝ። አንተ በስስ ሸማ ስትበሰብስ አይቼ ባለቅስ፣ “እኔ ገበሬ ነኝ፤ ዝናብ ቢመታኝ እበቅላለሁ እንጂ ምን እሆናለሁ?” ብለህ አሳቅኸኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እግርህ በጭቃ ስለ ተለወሰ አልገባም አልህ። ደወሉ እስኪደወል ውጭ ቆመህ ስታየኝ ቆየህ። ያን ጊዜ ለልጆቹ በጣቴ እያሳየሁ “አባቴ ነው” እላቸው ነበር።

መቼ እንደ ተለወጥሁ በትክክል አላውቀውም። ጫማ ከሚያደርጉ ከሹማምንት ልጆች ጋር እቀመጥ ነበር። አንድ ነገር “ሸጋ” ባልሁ ቁጥር ይስቁብኝ ስለ ነበር ቃሉን ተውሁት። ቆይቼ አባቴ ብዙ ጭሰኛ ያለው ባለርስት ነው ብዬ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ትምህርት ቤት በር እንዳትቆም፣ ከአክስቴ ቤት እንድትጠብቀኝ ለመንሁህ፤ ምክንያት ሳደርግም መምህራኑ ይቆጣሉ አልሁህ። አንተም “እሺ” አልህ። ዳግመኛ በዚያ በር አልታየህም። ገብቶህ እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ።

ለሞፈር የሚሆን ወይራ ስትቆርጥ ምሳሩ ቅልጥምህ ላይ እንዳረፈብህ በሰው ሰምቼ ነበር። ቀላል ነው ብለው ስለ ላኩብኝ ብዙም አላሰብሁበትም። ቁስሉ ሁለት ወር በቅጠል ታስሮ እንደ ከረመ፣ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ማኪና መንገድ እንዳደረሱህ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር እንዳመጡህ የነገረኝ የለም።

በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ዓይናችንን ያመመንን ሦስት ልጆች ሐኪም ቤት ልኮን ነበር። መድኃኒቱ ተደርጎልን ስንወጣ በረንዳው ላይ አንድ ሰው ተጋድሟል። ፊቱን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ጓደኞቼ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ፤ እኔም ያዝሁ። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ሳፋ ይዞ ቆሞ፣ “የእኒህ ሰው ዘመድ የለም? ውኃ የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ” ይላል። ያመጡህ ሰዎች አክስቴን ፍለጋ ወደ ቁስቋም ሄደው ኖሯል። በዚህ መካከል ቀና ብለህ አየኸኝና፣

“የሺ” አልህ።

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። “አባትሽ ናቸው?”

ጓደኞቼ አዩኝ። እግርህ ላይ ያለውን የጠቆረ ጨርቅ አዩት፤ ከዚያም እንደገና እኔን አዩኝ። ነጠላውን ከአፍንጫዬ ሳላነሣ፣

“አይደሉም። ያገሬ ሰው ናቸው” አልሁ።

በዕድሜዬ ሙሉ አንተ ብዬ የጠራሁህን አባቴን በዚያች ሰዓት አንቱ ብዬ አራቅሁህ። አንተ ግን አልተቆጣህም። ለድሬሰሩ እንዲህ አልኸው፦

“እውነቷን ነው። የጎረቤት ልጅ ናት። አባቷን አውቀዋለሁ፤ በእሷ የሚኮራ ሰው ነው።” ከዚያም ወደ እኔ ሳታይ፣ “ሂጂ ልጄ፣ ትምህርትሽ አይለፍሽ” አልህ።

ድሬሰሩ፣ “የጎረቤት ልጅም ብትሆኚ ሳፋውን ያዢልኝ” አለኝ። መምህርቷ ትጠብቀናለች ብዬ ሄድሁ። ደረጃውን ስወርድ ጨርቁን ከቁስልህ ሲያላቅቀው ድምፅህን ሰማሁት። ወደ ኋላ አልዞርሁም።

ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር ተመልሼ ስመጣ አልጋ አግኝተህ ገብተህ ነበር። አክስቴ እያለቀሰች፣ “አያ ተሰማ፣ ልጅህን እኮ አመጣሁልህ” አለችህ። አንተ ልክ ያን ጊዜ ገና እንዳየኸኝ ሆነህ እጅህን ዘረጋህልኝ። “አደግሽ፤ ዓይንሽን ምን ሆንሽ?” ብለህ ጠየቅኸኝ። ሐኪሙ እግሩ ይቆረጥ ቢል መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ነበርና ጊዜው አለፈ። ስምንት ቀን ተኛህ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ እመጣ ነበር፤ ግን ከአልጋህ ግርጌ፣ በመስኮቱ በኩል ነበር የምቀመጠው። ለይቅርታ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ነገ እለዋለሁ እያልሁ ስምንቱን ቀን ጨረስሁት። በዘጠነኛው ቀን ስመጣ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ለቅሶው ነበር። አስከሬንህን በማኪና ይዘን አገር ቤት ስንደርስ፣ አክስቴ ለለቀስተኛው ሁሉ “የሺ ከአባቷ አልጋ አልተለየችም” ብላ አወራች። አልቃሾቹ ስሜን እየጠሩ አመሰገኑኝ። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ፤ “አንቺ ባትኖሪ ብቻውን ይሞት ነበር” አለችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሐዘን መሰለው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሐኪም ቤቱ በኩል አላለፍሁም፤ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ እሄድ ነበር። በከተማችን ለነርስነት ትምህርት ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች እንደሚፈለጉ መምህራችን ከማስታወቂያ አነበበችልን። ማስታወቂያው ባይሰቀል ኖሮ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በየዕለቱ ሄጄ አነበው ነበር። አንድ ቅዳሜ ተነሣሁና ድሬሰሩን ፍለጋ ሄድሁ። አቶ ማሞ ይባላል። እዚያው በረንዳ ላይ ፋሻ ሲጠቀልል አገኘሁት። ያንን ቀን ካስታወሰኝ ይሰድበኛል፤ ቢሰድበኝም ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር። ሁሉንም ነገርሁት።

አስተውሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። “አላስታውስሽም ልጄ። አባትሽንም አላስታውሳቸውም። እዚህ ቦታ ቆሞ ዘመዱን አላውቀውም ያለው ሰው አንቺ ብቻ አይደለሽም” አለኝ። አንተን አለማስታወሱ ከስድብ ይልቅ አመመኝ። ለእኔ ዓለሙ ሁሉ የተገለበጠበት ቀን ለእሱ እንደ ማናቸውም የሥራ ቀን ነበር። ልሄድ ስነሣ፣ “መቼም መጥተሻል፤ ይህን ያዢ” ብሎ ሳፋውን ሰጠኝ።

አንዲት ከእንፍራንዝ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጡቷ ላይ ትልቅ እባጭ ወጥቶባታል። አቶ ማሞ ሲያፈርጠው ሳፋው ዘመመብኝና ውኃው ልብሴ ላይ ፈሰሰ። ሮጬ ወጥቼ አስመለሰኝ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሴትዮዋ፣ “አይዞሽ እኅቴ፣ እኔም ራሴ አስጠልቶኛል” አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድሁ። ከዚያም በኋላ አልቀረሁም። ዓመት ሙሉ መቀስ መቀቀል፣ ፋሻ ማጠብ፣ የደረቀን ጨርቅ ሳያሳምሙ በሞቀ ውኃ አርሶ ማላቀቅ ተማርሁ። ቀስ ተብሎ ከተሠራ እኮ ያን ያህል አያስጮህም አባዬ። ያንተ ጊዜ ድሬሰሩ ብቻውን ስለ ነበር በአንድ እጁ ውኃ እያፈሰሰ በሌላው ሲስብ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገው ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነው ማፈሬ የባሰው።

ለመግባት ስንመዘገብ አንዲት የውጭ አገር ሴት በአስተርጓሚ ጠየቀችን። ከእኔ በፊት የገቡት ልጆች ሁሉ አገር ስለ ማገልገል ተናግረው ወጡ። እኔም ያንኑ አጥንቼ ነበር። “ምነው ነርስነት መረጥሽ?” ስባል ግን ያጠናሁት ጠፋኝና ያንተን ነገር ተናገርሁ። ረጅም ጊዜ አወራሁ። አስተርጓሚው፣ ወጣት ነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰማኝና ለሴትዮዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነገራት። ምን እንዳላት አላውቅም። እሷ ጻፈች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ “ሽታ ትችያለሽ?” አለችኝ። “አልችልም ነበር፤ ለምጄ ነው” አልሁ። ስሜ ከተመረጡት ጋር ወጣ።

ለማላውቃት ሴት የነገርሁትን ለእናቴ ሳልነግር ልገባ አልወደድሁም። ባለፈው ሳምንት ለመሰናበት አገር ቤት ሄድሁ። ደሳለኝ እርሻ ላይ ነበር። እናቴ ደጅ ላይ ገብስ ትለቅማለች፤ እኔም አብሬያት እየለቀምሁ ነገርኋት። እጇ ቆመ። ከዚያ እንደገና መልቀም ጀመረች። ሰፌዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ለቀመች። በመጨረሻ፣ “እሱ አልነገረኝም” አለች፤ “እኔ በሦስተኛው ቀን ለአንድ ቀን ብቻ መጥቼ ነበር፤ ‘ልጅሽ እንዴት ያለች ሆናለች መሰለሽ’ እያለ ሲያወራልኝ ነው የዋለው።” ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ። “የተበደለው እሱ ነው። እኔ በእሱ ፈንታ ይቅር ልልሽ አልችልም” አለችኝ።

ማታውን ብዙ አላነጋገረችኝም። ጧት ግን ማኪና መንገድ ድረስ ሸኘችኝ፤ ያን ሁሉ አቀበት ስትወጣ እጄን አልለቀቀችም። ማኪናው ሲመጣ መረቀችኝ፤ ከዚያ “ሄደሽ ለእሱ ንገሪው” አለችኝ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ይቅር ማለትህን የምሰማበት መንገድ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እለምንሃለሁ። ይህ ሥራ በደሌን ያጥብልኛል ብዬ ራሴን አላታልልም። ብዙ ሰው ባክምም በዚያ ቀን ያን ሳፋ አልያዝሁም።

ይህን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ለአክስቴ ዛሬ ከገበያ ስትመለስ እነግራታለሁ፤ ለደሳለኝም ለሙት ዓመትህ ስመጣ። በለቅሶህ ላይ ያላግባብ የተመሰገንሁትን ምስጋና እመልሳለሁ። አንተን የማስታውስህ ደግሞ በሕመምህ ብቻ አይሆንም፤ እርፍ ጨብጠህ፣ በበቅሎ ላይ ከፊቴ ተቀምጠህ፣ ስትስቅም አስታውስሃለሁ። ልጆች ከወለድሁ አያታቸው ማን እንደ ነበረ፣ እናታቸውም ምን እንዳደረገችው ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ሰኞ በመዝገቡ ላይ የአባትሽ ስም ማነው ሲሉኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ።

ልጅህ
የሺ ተሰማ