ለዘንድሮ የሚበቃው ልጅ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ዛሬ ጓደኛዬን ጌታቸውን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ሐኪሞቹ ገናን ማለፉን ይጠራጠራሉ።

የምንደግፈው የቅርጫት ኳስ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከርሞ ነገ ከጀማሪ ተጫዋቾች መካከል አዲስ ልጅ ይመርጣል። እኛ ደጋፊዎቹም በየዓመቱ ዳንፎርዝ ካፌ ተቀምጠን እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንመርጣለን፤ የመረጥነውንም በቀልድ ክርስትና እናነሳዋለን። ልጁ ጨዋታ ባበላሸ ቁጥር የሚሰደበው የክርስትና አባቱ ነው። ጌታቸው ሁልጊዜ ገና ያልበሰለ ረጅም ልጅ መርጦ፣ «ሦስት ዓመት ታገሱት» ይላል። እኔ ዛሬውኑ ኳስ የሚያገባ እፈልጋለሁ። ስንጨቃጨቅበት ኖረናል።

«ዘንድሮስ የትኛውን ቀውላላ ልታነሳ ነው?» አልኩት።

«አጭሩን። ያንተን።»

«ምን ነካህ? እሱ እኮ ከዚህ በላይ አይሻሻልም!»

«ለዘንድሮ ይበቃል።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ዘንድሮ ለምርጫ ለቀረበው ረጅም ልጅ መከራከር ጀመርኩ። እጁ ሰፊ ነው፣ ለቁመቱ ፈጣን ነው፣ ትንሽ ብንታገሰው...

«ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ነርሷ መጥታ አስወጣችኝ።

ነገ ካፌ ሄጄ ረጅሙን በእሱ ስም አነሳለሁ። ሦስት ዓመት ስድቡን እኔ እቀበልለታለሁ።