ፍሪጁ ላይ የተነሳው ክስ

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከቀሚሴ ጥበት በቀር ደህና ነኝ። ስኳርና ዘይት ትቼ፣ በየማለዳው እየሮጥኩ፣ በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ጨመርኩልሽ! የክሊኒካችን ሐኪም በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «እህቴ፣ ፍሪጁን ተደብቆ የሚጎበኘው ማነው?» ብሎ አሳቀብኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር እየዋልኩ የራሴን አይቼ አላውቅም ነበር። እልህ ይዞኝ ቀድቼ መረመርኩት። የሰነፈው ምግብን ወደ ኃይል የሚያስቀይረው፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ዶክተር፣ ፍሪጁ በነፃ ተሰናብቷል» አልኩት። ወረቀቱን አንብቦ መድኃኒት አዘዘልኝ። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ።

እማዬ በመጨረሻው ዓመት ሆዷ ሲገፋ፣ በሽታ መሆኑን ሳናውቅ «ተመችቷታል» ብለን እንደሳቅን ታስታውሻለሽ? እኔም ደሜን በመረመርኩበት ቀን የሆዴን አልትራሳውንድ ተነሳሁ። «ምንም የለም» ሲሉኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

አንቺም ታይተሽ ጻፊልኝ። ደህንነትሽን ያሰማኝ።

ታናሽሽ