አምስት ደቂቃ ፈስሶ የተቀዳ ውሃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የውሃ ናሙና ልቀዳ እህቴ ቤት ገባሁ። የመሥሪያ ቤታችን የላቦራቶሪ ደንብ ቧንቧውን ከፍቶ አምስት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ከዚያ መቅዳት ነው። ገና ስከፍተው እህቴ ጮኸች፦

"ውሃ ማፍሰስ ምን የሚሉት ሙያ ነው? ቅጂና ልቀቂልኝ፣ የልጅቷን ፊት ልጠብበት!"

ሳቅሁ። የመጀመሪያውን ውሃ ቀዳሁ።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ቁጥሩን አወጣ። እርሳስ፣ መርዛማው ብረት። ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አሮጌ ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ነው እርሳሱን የሚይዘው። አምስት ደቂቃ ካፈሰስነው ጠርጎት ይሄዳል... ሰው የሚጠጣው ግን ያደረውን ነው። ማነው ማልዶ አምስት ደቂቃ የሚያፈስ?

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀዳሁ። "ለመጠጥ ተስማሚ" የሚለው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። እህቴ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። "እህቴ የፈረመችው" እያለች ለጎረቤት ታሳያለች።

እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የእህቴ ልጅ ሚጢ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ቃል አትገጣጥምም። አፏ ቀስ ብሎ ይፈታል ስንል...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አለቃዬ የውጤቱን ወረቀት እንኳ አላነሳውም።

"ደንብ ጥሰሻል። ናሙናው አይቆጠርም።"

"የላይ ሰፈር ቧንቧ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የኛ የታች ሰፈርስ?"

"ስሚኝ ልጄ፣ የእናንተ ሰዎች ለምደውታል። ከዘራችሁ ተምራ እዚህ የደረሰች አንቺ ብቻ ነሽ። የበላሽበትን ወጪት አትስበሪ።"

"እኔ ስለ ጠጣንበት ነው የማወራው" አልኩት።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። "ለሥራ ቅልጥፍና" ይላል ደብዳቤው። የላቦራቶሪ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ጸሐፊዋ በጆሮዬ፣ "እቱ፣ ጨጓራቸውን ልጠሽዋል!" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለእህቴ ነገርኳት።

"ታዲያ ያ ወረቀት?"

"ውሸት ነው። ሳላውቅ የፈረምኩት።"

"ሳታውቂ... አንቺ ሳታውቂ እኛ ማንን እንጠይቅ?"

ሚጢን አቅፋ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እህቴ ደወለች። ሰላምታ የለም።

"ጠርሙሱ በምንድነው የሚታጠበው?"

"የምን ጠርሙስ?"

"ሠላሳ አንድ እናቶች ነን። ነገ ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት እንቀዳለን። አንቺ አሳዪን እንጂ አትንኪ። በኋላ እሷ ናት የበከለችው ይላሉ።"

እኔ ነኝ የተማርኩት። እሷ ናት ያሰበችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ናሙናውን የመረመሩት የድሮ መምህሬ ናቸው፣ በዩኒቨርሲቲው። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሰባቱ እርሳስ አለበት። የሚጢ ደምም ውስጥ አለ። ሐኪሙ "ከአሁን ወዲያ እንዳይጨምር ማድረግ ይቻላል፤ ያለፈውን ግን..." ብሎ ብዕሩን አየ።

እህቴ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠለችው። ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ። ፊርማዬ ያለበትን።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

እናቶቹ ውጤቱን ይዘው የመሥሪያ ቤቱ ደጅ ላይ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። አለቃዬ ዛሬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ "የእናቶቹ ናሙና በስህተት የተቀዳ ነው" የሚል ደብዳቤ፤ ከጎኑ የላቦራቶሪው ቁልፍ።

"ፈርሚና ተመለሺ። ቧንቧውን ቀስ ብለን እናየዋለን።"

ቁልፉን አየሁት። ያንን ክፍል እንዴት እንደምወደው እግዜር ያውቃል። አልነካሁትም። ወጥቼ ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩ። ጠጋ አለችልኝ።

ለራሴ ልጻፈው። ለላይ ሰፈር ቧንቧ እየቀየሩ ለኛ ቀን መቁጠርን አልቀበልም። የሚጢ አንደበት በኋላ የሚታይ ጉዳይ መሆኑን አልቀበልም። እውነቱን አፍስሶ የሚቀዳ ደንብ ሥር ስሜ ዳግመኛ አይሰፍርም።